የአባት ስም ለልጅ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ካሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ «ከበደ አበበ» ተብሎ ቢጠራ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል ሁለት ሦስት ሰው ሊነሣ ይችላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው የሚጠይቀው «የአያትስ?» ብሎ ነው። መለያችን የአያት ስም ነው፤ ከስሙ ኋላ የሚቀጠል «ታላቁ» ወይም «ታናሹ» የሚል ቃል በመዝገብ ላይ አንጽፍም።

ምክንያቱ ከስማችን አሠራር ይመነጫል። የመጀመሪያው ስም የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የአባቱ፣ ሦስተኛው የአያቱ ነው። አቶ ከበደ ልጃቸውን ከበደ ቢሉት «ከበደ ከበደ» ይሆናል፤ ሰሚውም ጸሐፊው የተሳሳተ ይመስለዋል። አልፎ አልፎ ግን የአያት ስም ለልጅ ልጅ ሲወጣ ይታያል፤ «አበበ ከበደ አበበ» እንደማለት።

በሌላው ዓለም የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። በዚህ ላይ አባት የራሱን ስም ለልጁ ሲሰጥ የሁለቱ ሙሉ ስም አንድ ይሆናል፤ ስለዚህ «ጁኒየር»፣ ማለትም ታናሹ፣ የሚለው ቅጥያ ግድ ይላል። እግር ኳስ የሚከታተሉ ወጣቶች ቪኒሲየስ ጁኒየርን ያውቁታል፤ ስሙ የአባቱ ስም ነው። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየርም እንዲሁ ነው። አባትና ልጅ ሁለቱም በመጀመሪያ ማይክል ይባሉ ነበር፤ አባትየው እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመንን ከጎበኙ በኋላ የሁለቱም ስም ተለወጠ።

አይስላንዳውያን ደግሞ ለእኛ ይቀርባሉ። የአባትን ስም ወስደው ለወንድ «ሶን»፣ ለሴት «ዶቲር» ይቀጥሉበታል። የእግር ኳስ ተጫዋቹ ጊልፊ ሲጉርድሰን የሲጉርዱር ልጅ ነው ማለት ነው። የታተመው የስልክ ማውጫቸውም እንደ እኛው በመጀመሪያ ስም የተደረደረ ነበር።

ኮልፌ ራሱ በዚህ ነገር የሚወሳ እንግዳ አስተናግዷል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚሁ ስፍራ ነበር። ዓለም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚያውቀው «ማንዴላ» የአያታቸው ስም ነው። አባታቸው ጋድላ ይባሉ ስለነበር በእኛ አቆጣጠር «ሮሊህላህላ ጋድላ ማንዴላ» ተብለው ቢመዘገቡ አንድም ስሕተት አይኖርበትም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስሙ እዚያው ረግቶ ለልጆቻቸው ተላለፈ። በእኛ ግን በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ይገባል፣ አንድ ስም ከኋላ ይወድቃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ ያልተቀበለውም ያለ ምክንያት አይመስለንም። የነበረው ሥርዓት ማን የማን ልጅ እንደሆነ አሳምሮ ይናገራል።

ይሁንና ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ቤተሰብ ቅጽ ሲሞላ የአባት፣ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ቤተሰብነታቸውን በሌላ ሰነድ ለማስረዳትም ይገደዳሉ። በአገር ውስጥ የሚያስቸግረው ደግሞ የአጻጻፍ መለያየት ነው። አንድ አርሶ አደር በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ «ገ/ሥላሴ»፣ በመታወቂያው «ገብሬ»፣ በልጁ የልደት ምስክር ወረቀት «ገብረሥላሴ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በሕይወት ሳለ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲሞት ግን ወራሾቹ ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ምስክር አቁመው ለማስረዳት ይቸገራሉ።

ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ያዝዛል። ለማስመዝገብ የሚሄዱ ወላጆች የራሳቸውን መታወቂያ ይዘው የአባትና የአያት ስም በዚያው ፊደል፣ ያለ እዝባር ምልክት፣ በሙሉ እንዲጻፍ ማሳሰብ ይኖርባቸዋል። ምስክር ወረቀቱንም ከመስኮቱ ሳይርቁ ማንበብ ይገባቸዋል።