ከኮሌጁ እስከ ማሳው፦ የእርሻ ማስፋፊያ ሥራ መሪዎችና ሠራተኞች

እኛ በዘነበወርቅ የምንኖር ሰዎች ሦስት ሥራዎች በአንድ አጥር ውስጥ ተጠጋግተው ማየት ለምደናል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም፣ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ የጤና ሠራተኞችንም ሲያሠለጥን ኖሯል። የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ግቢ ተመሠረተ። ሐኪሙ በሕመምተኛው ላይ ያየውን ለተመራማሪው ለመንገር ግቢውን ማቋረጥ ይበቃዋል።

የእርሻ ሥራ ግን እንዲህ ያለ አጥር የለውም። መምህሩ ሐረር አጠገብ ነው፤ ተመራማሪው ደብረ ዘይት ነው፤ ገበሬው ደግሞ መኪና በማይደርስበት ማሳ ላይ ነው። ይህን ርቀት የሚያገናኘው በመካከል የቆመው የማስፋፊያ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛውን ከኋላ የሚይዘው ከሌለ ግን እርሱም ከገበሬው ጋር አብሮ ይረሳል። በየገጠሩ ለምንረዳቸው የልማት ፕሮጀክቶች ይህ ትልቅ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ አሠራሩ ከየት እንደ መጣና የማን ድርሻ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት።

አሠራሩ ከየት መጣ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣ ሕግ መሠረት መንግሥት ለየክፍለ አገሩ መሬት እየሰጠ የእርሻና የእጅ ሙያ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ። በ1887 በእነዚሁ ኮሌጆች የምርምር ጣቢያዎች ተጨመሩ። በ1914 ደግሞ ሦስተኛው ሥራ፣ ይኸውም እውቀቱን ወደ ገበሬው ቤት የማድረስ ሥራ፣ በሕግ ተቋቋመ። እንግዲህ በየወረዳው የሚኖረው የእርሻ ሠራተኛ ከኮሌጁ ምንም ያህል ቢርቅ የኮሌጁ ባልደረባ ሆኖ ይቆጠራል።

ይህ አሠራር ወደ አገራችን የገባው በኦክላሆማ ኮሌጅ በኩል ነው። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነበር፤ በኋላም ፖይንት ፎር የተባለውን የአሜሪካ የእርዳታ መሥሪያ ቤት መሩ። በ1951 በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም ሥራው አልቀረም፤ በ1952 ስምምነቱ ተፈረመ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ በጅማ ተማሩ፤ በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወሩ። ኮሌጁ ማስተማርን፣ ምርምርንና የእርሻ ማስፋፊያን አንድ ላይ ይዞ ተነሣ። የአገሪቱ የማስፋፊያ ሥራም እስከ 1963 ድረስ በእርሱ ሥር ቆየ። ይህ ኮሌጅ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው።

ማን ምን ይሠራል?

በእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ውስጥ አራት ዓይነት ኃላፊነቶች አሉ።

በላይ ዲሬክተሩ አለ። ዕቅድና በጀት ያወጣል፤ በኮሌጁና በመንግሥት ፊት ስለ ሠራተኞቹ ይቆማል። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ዲሬክተሩ የኮሌጁም ምክትል ዲን ነው። ይህም ለክብር ብቻ ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ መምህራኑና ተመራማሪዎቹ በሚመክሩበት ስብሰባ ላይ የገበሬው ጉዳይ የሚናገርለት ሰው እንዲኖረው ነው።

ቀጥሎ ተቆጣጣሪው አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ጥፋት መፈለግ ብቻ አይደለም። ሠራተኛውን በጣቢያው ይጎበኛል፤ አብሮት ማሳ ላይ ይቆማል፤ የጎደለውን ይጠይቃል፤ የሰማውንም ወደ ላይ ያደርሳል። ከአራቱ ኃላፊነቶች በቀላሉ የሚበላሸው ይህ ነው። ተቆጣጣሪው ሪፖርት ለቅሞ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ሠራተኛው እውነቱን ሳይሆን አለቃውን ደስ የሚያሰኘውን መጻፍ ይለምዳል።

ሦስተኛው የአንድ ሙያ ባለሙያ ነው፤ የሰብል፣ የከብት፣ የአፈር ወይም የቤት ኑሮ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። አንድ እግሩ በምርምር ጣቢያ፣ ሌላው በመስክ ነው። ሠራተኛው መልስ ያጣለትን ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ይፈልግለታል።

አራተኛው ራሱ የጣቢያው ሠራተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው። ልጆቹን ድሮ የኮለኮለ ገበሬ ፊት ቆሞ «አባባ፣ ዘንድሮ በመስመር ቢዘሩስ?» ብሎ መናገር አለበት። ሽማግሌው «ልጄ፣ አንተ ይህን የት አይተኸው?» ቢሉት የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል። ከእርሱ ኋላ ባለሙያና የምርምር ማሳ ካለ «ይምጡ፣ አብረን እንየው» ይላል። ከሌለ ግን የተማረውን በቃሉ ከመድገም በቀር ምንም አይቀርለትም።

ግንኙነቱ ሲላላ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የማስፋፊያ ሥራው ከኮሌጁ ወጥቶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንድ ኮሌጅ አገርን ሙሉ ሊያዳርስ አይችልም፤ ሚኒስቴሩ ግን በየጠቅላይ ግዛቱ ክንድ ነበረው። በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ድርጅት ለብቻው ተቋቋመ። በዚህ ሁኔታ የሚያስተምረው፣ የሚመራመረውና ገበሬውን የሚያገኘው በሦስት መሥሪያ ቤቶች ተከፈሉ።

ሥራው ሰፋ፤ ጭላሎ ላይ በስዊድን እርዳታ የተጀመረው ካዱ በ1967፣ የወላይታው ፕሮጀክት በ1970፣ የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራሙም በ1971 ተከተሉ። የሠራተኛው ቁጥር ሲበዛ ግን የመገናኛው መንገድ በዚያው ልክ አልጠነከረም። መመሪያ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የገበሬው ጥያቄ ግን ከሠራተኛው ደብተር አልፎ ተመራማሪው ጋ መድረስ አቃተው።

ሌላም ችግር ተጨመረ። እ.ኤ.አ. ከ1995 በኋላ በተካሄደው የማስፋፊያ ፕሮግራም የልማት ሠራተኛው ማዳበሪያ በብድር እንዲታደልና ብድሩም እንዲሰበሰብ የሚያግዝ ሆኖ ነበር። ጠዋት እንደ አስተማሪ የመጣ ሰው ማታ እንደ ዕዳ ጠያቂ ሲመጣ ገበሬው ማንን ይመን? በርን አንዴ የዘጋ ሰው ምክርም ቢመጣለት አይከፍትም። ሠራተኛውን ከማይገባው ሥራ መጠበቅ የመሪ ድርሻ ነው፤ ሠራተኛው ራሱ አለቃውን «እንቢ» ለማለት አቅም የለውም።

ወሬው ወደ ላይ ሲወጣ

ግንኙነቱ በደንብ ሲሠራ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ ከጤፍ እንማራለን። ለረጅም ዘመን በዓለማያ ሥር የነበረው የደብረ ዘይት ጣቢያ ዱከም የተባለ ብዙ ምርት የሚሰጥ ዘር አውጥቶ ነበር። በተመራማሪው ሚዛን ጥሩ ዘር ነው። ገበሬው ግን ብዙም አልወደደውም፤ ነጭነቱ እንደ ማኛ ስላልሆነ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ይህ አስተያየት «ገበሬ አዲስ ነገር አይቀበልም» ተብሎ ቢናቅ ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን የዱከምን ምርት ከማኛው ነጭነት ጋር አዳቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተባለው ዘር ወጣ፤ ፈጥኖም በብዙ አካባቢ ተስፋፋ። ቁንጮ የተገኘው ከምርምሩ ብቻ ሳይሆን የገበሬው ቅሬታ ሰሚ በማግኘቱም ጭምር ነው።

ሠራተኛውን እንደገና ከኮሌጁ ጋር ለማያያዝ የተደረገ ጥሩ ሙከራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለማያ፣ በሳሳካዋ አፍሪካ ማኅበር እርዳታ፣ በሥራ ላይ የቆዩ የማስፋፊያ ሠራተኞች ለዲግሪ የሚማሩበት ፕሮግራም ተጀመረ። ተማሪው ትምህርቱን ከክፍል ብቻ አይጨርስም፤ ወደ መጣበት ወረዳ ተመልሶ ለወራት ከገበሬዎች ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፤ መምህሩም እዚያው ድረስ ሄዶ ያየዋል። ሠራተኛው ይማራል፤ መምህሩም ማሳውን ያያል።

ለእኛ ምን ይላል?

ቤተ ክርስቲያኖቻችን ለዘርና ለእርሻ መሣሪያ በደስታ ይሰጣሉ። «ለተቆጣጣሪው ጉዞ»፣ «ለሠራተኛው ሥልጠና» የሚል መስመር በበጀቱ ላይ ሲያዩ ግን ብዙዎች ቅር ይላቸዋል። ዘሩ በኩንታል ይቆጠራል፤ ጉብኝቱ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ያለ ጠያቂ የተተወ ሠራተኛ እጅ ላይ ያለ ዘር አንድ ክረምት ብቻ የሚቆይ እርዳታ ነው። ዮቶር ለሙሴ የሰጠው ምክርም ይህንኑ ያሳየናል (ዘጸአት 18)፤ ሸክሙ ለአለቆች ይከፈል አለ፤ የከበደው ነገር ደግሞ ወደ ላይ የሚደርስበት መንገድ ይኑረው አለ።

በመሆኑም በፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች እነዚህን ልብ በሉ። የጉብኝት ቀን ቁርጥ ይሁን፤ ገበሬውም ሠራተኛውም አስቀድመው ይወቁት። ሠራተኛው በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ «ገበሬው ምን አለ?» የሚል ቦታ ይኑር፤ መልሱም በቀጠሮ ይመለስለት። በአቅራቢያችሁ ካለው ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ጣቢያ አንድ ባለሙያ በስም ይታወቅ፤ ዛሬ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ተግባራት አንዱ ስለ ሆነ መጠየቅ ልመና አይደለም። ገንዘብ መሰብሰብንና ስም መመዝገብን የመሳሰሉ ሥራዎችም በምክር ሰጪው ሠራተኛ ላይ አይጫኑ።

የምትደግፉ ጉባኤዎችም በሚቀጥለው ሪፖርት ስንት ኩንታል ዘር ታደለ ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ሠራተኛውን ማን ጎበኘው፣ ምንስ ይዞ ተመለሰ ብላችሁም ጠይቁ።