ሁለት ቄብ ለሕፃኑ

ከአዲስ አበባ በቃሊቲና በአቃቂ አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ የሚጓዝ ሰው ገላንን የሚያውቃት በፋብሪካ አጥር፣ በመጋዘንና በተሰለፉ ከባድ መኪናዎች ነው። ከአጥሮቹ ጀርባ ግን ዛሬም ጥቁሩ መረሬ አፈር አለ፤ ክረምት ውኃ ቋጥሮ እግር የሚይዝ፣ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቅ አፈር። ገበሬው በሐምሌ ጤፉን ይዘራበታል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ሽንብራውን፣ ምስሩንና ጓያውን አፈሩ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። ከጓሮው ዶሮ አይጠፋም። ትንሽ ደህና የሆነው ቤት አንዲት የተዳቀለች ላም አለችው። እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ሕፃን ጥራጥሬ፣ ወተትና እንቁላል ይጎድለዋል ብሎ ማን ያስባል? ይጎድለዋል።

በዚህ አካባቢ የእንስሳት ልማት ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ላሞች እንዲዳቀሉ አስተባብሬያለሁ፣ ጫጩት አከፋፍያለሁ፣ ስለ መኖና ስለ ክትባት አስተምሬያለሁ። በየሩብ ዓመቱ የምንሞላው ቅጽ ስንት ጥጃ እንደተወለደ፣ ስንት ዶሮ እንደታደለ፣ ስንት ሊትር ወተት ለገበያ እንደቀረበ ይጠይቅ ነበር። የቤቱ ሕፃን ትናንት ምን እንደበላ የሚጠይቅ መስመር ግን አልነበረውም። እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ የጎደለው መስመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው እጅግ ያጠረ ነው። ያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ባለው ዕድሜ በዓይነትም ሆነ በድግግሞሽ በቂ የሚባል ምግብ የሚያገኙት ሕፃናት 7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። የቀረው ሕፃን አይበላም ማለት አይደለም። ቀጭን አጥሚት ይጠጣል፣ እንጀራ በወጥ መረቅ ይጎርሳል። ሆዱ ይሞላል፤ አጥንቱና አእምሮው የሚገነቡበትን ግን አያገኝም። ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የጎደለውን በኋላ አሟልቶ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል የገባውም ለዚህ ነው።

ታዲያ እንቁላሉ ወዴት ይሄዳል? አንድ ቀን ጓሮዋ የገባሁባትን እናት ጠየቅኋት።

«ዶሮዋ የማን ናት?»

«የቤቱ ናት፣ እትዬ።»

«እንቁላሏስ?»

«እሱማ የገበያው ነው።»

እውነቷን ነው። ለገጠር እናት እንቁላል ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። ላሟን መሸጥ የባል ውሳኔ ነው፣ ጤፉንም እንዲሁ፤ እንቁላል ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ይዛው ገበያ የምትወጣው ነገር ነው። «እንቁላሉን ለልጅሽ አብዪው» እያልን ስናስተምር፣ በእጇ ያለችውን ብቸኛ ገንዘብ ልቀቂ እያልናት መሆኑን ማሰብ ይገባን ነበር። ደግሞም የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ከዚያ ላይ ለማስፈልፈል የሚታቀፈው ሲቀነስ ለሽያጭም ለልጅም የሚበቃ አይተርፍም። የተሻሻሉት ዝርያዎች ደህና መኖ ካገኙ ከ150 በላይ ይጥላሉ፤ ያን ጊዜ ሳሙናውም የልጁ እንቁላልም ከአንድ ጓሮ ሊወጣ ይችላል።

ወተቱም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1947 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሰጠ የተባበሩት መንግሥታት ዕርዳታ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ወደ አገራችን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ዩኒሴፍ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ እንዲቋቋም ረዳ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው አገር ሁሉ ለከተማዋ ወተት አቅራቢ ሆነ። የሱሉልታ ሜዳ ድርቆሹን በመኪና እየጫነ ይልካል፣ የሰበታ ላሞች ከቢራ ፋብሪካው የሚወጣውን የብቅል ተረፈ ምርት ይበላሉ፣ ቡራዩና ገላንም በየጓሯቸው ያልባሉ። የጠዋቱ ወተት ገና በሙቀቱ ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል። የማታው ለእርጎና ለቅቤ ይጠራቀማል፣ ቅቤውም ይሸጣል። ለሕፃኑ የሚደርሰው አሬራው ነው። በገቢ ረገድ ይህ ሥራ ብዙ ቤት አቅንቷል፣ አልክደውም። ግን ገንዘቡ ተመልሶ ለልጁ ምግብ ይሆናል ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም፤ ከወተቱ የሚገኘው ብር መጀመሪያ የሚገዛው መልሶ የላሟን መኖ ነው።

ስለ መኖ ካነሳሁ ዘንድ የማልዘለው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን በታች የሆኑት 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። ዋናው ምንጭ ሁላችንም ጥሩ መኖ ነው ብለን ስንመክርበት የኖርነው የኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ሲከማች ይሻግታል፤ ላሟ የበላችው መርዝ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ ወተት ይቅር አልልም፤ ወተት ያስፈልገናል። የሚያስፈልገው ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ የሻገተውን ያለ ርኅራኄ መጣል፣ ፉርሽካና ሌላ መኖ እየቀላቀሉ የፋጉሎውን ድርሻ መቀነስ ነው። መኖ ሻጩም መጠየቅ አለበት። ከብት አርቢዋ መጋዘኑን አላየችውም።

ጾሙም አለ። በዚህ አካባቢ ብዙው ቤተሰብ ኦርቶዶክስ ነው፣ የጾሙ ቀናትም በዓመት 180 ይደርሳሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት የወተት ዋጋ ይወድቃል፣ ላም አላቢው ይጨነቃል፤ ያ በየዓመቱ ይነገራል። ብዙ የማይነገረው የሕፃኑ ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አታዝም። ሆኖም እናት ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ ስትል እንቁላሉንም ወተቱንም ከቤት ታርቃለች፣ ልጁም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። ለዚህ እኔ ያየሁት ፍቱን መድኃኒት ሁለት ነገር ነው፦ ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት፣ እና የነፍስ አባት ቃል። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጋግማ ብትናገር ያልተሰማው ነገር፣ ቄሱ ቤት ሲባርኩ «ልጁን አብሉት» ሲሉ በዚያው ቀን ይፈጸማል።

አሁን ወደ ልቤ ወደሆነው ጉዳይ ልግባ። በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ለሆኑ ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ተሰጥቶ መቀንጨር በ47 በመቶ ቀንሷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ማላዊ ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ ሙከራው የተደረገባቸው የሐይቅ ዳር ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይበሉ ነበር። የእኛ ሕፃናት የሚመስሉት ዓሣ የሌላቸውን ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ትምህርት ግን የመጣው ከአገራችን ከሀላባ ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ከ6 እስከ 18 ወር ለሆኑ ሕፃናት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ሰጡ፤ ልብ በሉ፣ ለአባት አይደለም፣ ለእናትም አይደለም፣ ለሕፃኑ። ስጦታው የተሰጠው የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ሥርዓት ነው። ወላጆቹ ዶሮዎቹንም እንቁላሉንም ላይሸጡ፣ ለሌላ ላያካፍሉ፣ ዶሮ ከሞተች ሊተኩ፣ የዶሮ ቤትም ሊሠሩ በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ። የእንቁላሉ ልጣጭ ሳይቀር ታጥቦ ተፈጭቶ ለአጥንት ማጠንከሪያ በምግብ ላይ ይጨመር ነበር። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ እንቁላል በሉ፣ ክብደታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች የሆኑ ልጆች ቁጥርም ቀነሰ።

ይህን ሳነብ ያስደነቀኝ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑ ነው። በኦሮሞ ባህል አባት ለልጁ ገና በሕፃንነቱ ጊደር ይሰጠዋል፤ ሀንዱራ ይባላል። ጊደሯም የምትወልደውም የልጁ ሀብት ነው፣ ማንም ሳያስፈቅድ አይሸጠውም። በአማራውም ዘንድ የክርስትና አባት ለክርስትና ልጁ ጊደር ወይም በግ መስጠቱ የታወቀ ነው። ለሕፃን ሀብት መመደብን የምናውቅ ሕዝብ ነን። የልማት ሥራው ግን ይህን ሁሉ አልፎ «አባወራ» በሚለው መዝገብ ላይ ይፈርማል። በገላን ዛሬ ለልጅ ጊደር የሚሆን ግጦሽ የለም፤ መሬቱ ለፋብሪካና ለቤት ሄዷል። ለሁለት ቄብ የሚሆን ጓሮ ግን ካሣ ተከፍሎት ከእርሻው የተነሣው ገበሬም አያጣም።

ሁለት ቄብ ስል ግን ሁለት ቄብ ጥሎ መሄድን አይደለም። አንደኛ፣ ፈንግል አለ። የአንድ መንደር ዶሮ በአንድ ሳምንት የሚጠርግ በሽታ ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ የሚጎድለው ከቢሾፍቱ እስከ ጓሮው ያለው ቅንጅት ነው። ሁለተኛ፣ ዶሮዎቹ ከሰው ጋር ማደር የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ገጠር ኢትዮጵያ የወጣ ጥናት ዶሮ ያለው ቤት ልጆቹ በቁመት የተሻሉ እንደሆኑ፣ ዶሮው ሌሊት ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ግን ጥቅሙ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚድኸው ሕፃን ኩሱን ይነካል፣ እጁን አፉ ይከታል፣ ሆዱ ይታመማል። ሌባና ሸለምጥማጥ ያስፈራል፣ አውቃለሁ፤ ከግድግዳው ውጭ ከፍ ብሎ በቆርቆሮ የተከደነ፣ የሚቆለፍ የዶሮ ቤት መልሱ ነው። ሦስተኛ፣ እንቁላሉ ብቻውን አይበቃም። ሽንብራውን ቆልቶ ከገብስና ከስንዴ ጋር ፈጭቶ ገንፎ ማድረግ በቤት የሚሠራ ነው። ድሮ በአገራችን ተሠርቶ ብዙ ልጅ ያሳደገው ፋፋም ስንዴ፣ ሽንብራና የወተት ዱቄት ነበረበት።

ኔፓልን የማነሳው ለቅንዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከኔፓል ልጆች 57 በመቶው ቀንጭረው ነበር፤ እኛ በዚያው አቆጣጠር በ2000 ላይ 58 በመቶ ነበርን። አንድ ቦታ ቆመን ነበር ማለት ነው። በ2022 እነሱ 25 በመቶ ደርሰዋል፤ የእኛ በ2019 ገና 37 በመቶ ነበር። ለውጡን ያመጣው አንድ ተአምር አልነበረም፦ የእናቶች ትምህርት፣ የጤና አገልግሎት መስፋፋት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የቤተሰብ ሀብት ማደግ። ከእንስሳት ጋር የሠራው ሄይፈር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ደግሞ ፍየል ከማደሉ በፊት ሴቶቹን በቡድን አደራጅቶ ያሠለጥናል፤ የተቀበለችው ሴት በተራዋ ከፍየሏ የተወለደችውን ለሌላ ጎረቤት ታስተላልፋለች። ለእኛም ይሆናል። ዕድርና ማኅበር ያለው ሕዝብ ይህን ለመሥራት አዲስ ቡድን መፍጠር እንኳ አያስፈልገውም።

በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማርና ዓሣ እንዲበዛ አስቦ ተነሥቷል፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ለሚያስፈጽሙት የቀበሌ ሠራተኞች፣ ለቀድሞ ባልደረቦቼ፣ የማቀርበው ልመና አጭር ነው፦ ዶሮ ስታድሉ መዝገቡ ላይ የሕፃኑን ስም ጻፉ፣ ሲታደልም ቄሱም ሼኩም ፓስተሩም ሽማግሌውም ይገኙ፣ በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ የዶሮውን ብዛት ከመቁጠራችሁ በፊት ልጁ ትናንት ምን እንደበላ እናቱን ጠይቁ። እርስዎ አንባቢ ደግሞ በዚህ ዓመት ገጠር ላለ ዘመድዎ ልጅ የክርስትና አባት ወይም እናት ከሆኑ፣ ከልብሱ ጋር ሁለት የተከተቡ ቄቦች ይዘው ይሂዱ። ሲሰጡም የልጁ መሆናቸውን በሰው ፊት ይናገሩ።