የማሳው ዕጣ የሚወሰነው ችካል ከመተከሉ በፊት ነው

በከተማ ዳርቻ የሚኖር አርሶ አደር ማሳው ላይ ችካል ሲተከል ያያል። የከተማው ነዋሪ ደግሞ ያቀረበው የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ "ከፕላኑ ጋር አይጣጣምም" ተብሎ ይመለስበታል። ሁለቱም የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ማን ወሰነው? መቼስ ተወሰነ? ብዙዎች ውሳኔው በዚያው ሰሞን በአንድ ባለሙያ ወይም ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የተሰጠ ይመስላቸዋል። ጉዳዩ በአብዛኛው ያለቀው ግን ከዓመታት በፊት፣ የከተማው ፕላን ተዘጋጅቶ በጸደቀበት ጊዜ ነው።

የፕላን አሠራርን ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሐሳብ ተሰጥቶበት ሊለወጥ የሚችለው ረቂቅ ፕላን እንጂ የጸደቀ ፕላን አይደለም።

ሁለቱ የፕላን ደረጃዎች

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 በከተማ ደረጃ የሚዘጋጁ ፕላኖችን በሁለት ይከፍላቸዋል። የመጀመሪያው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን ሕዝቡ "ማስተር ፕላን" እያለ የሚጠራው ነው። ይህ ፕላን መላውን የከተማ ክልል ይሸፍናል። ከተማው በየትኛው አቅጣጫና ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ፣ የመኖሪያ፣ የንግድ፣ የኢንዱስትሪና የአረንጓዴ ስፍራዎች የት የት እንደሚሆኑ ያመለክታል። የአገልግሎት ዘመኑም 10 ዓመት ነው።

ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። መዋቅራዊ ፕላኑ በጥቅሉ ያስቀመጠውን ወደ ሰፈርና ወደ ብሎክ አውርዶ ይዘረዝራል። የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ የሕንጻ ከፍታ፣ የቤቶች ዓይነትና የአረንጓዴ ቦታዎች የሚታዩት በዚህ ፕላን ነው። አንድ ሰው "የእኔ ግቢ አጥር ምን ይሆናል?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከዚህኛው ነው።

ብዙ ባለይዞታዎችን የሚያስደነግጠው ሰፊ መሬት ለመንገድና ለአረንጓዴ ስፍራ ተከልሎ ማየታቸው ነው። ይህ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም። በሀገሪቱ የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ ቀሪው 40 በመቶ ደግሞ ለሕንጻ ግንባታ እንዲውል የሚያዝ መለኪያ አለ። ስለዚህ ከተማው ወደ ገጠር ቀበሌ ሲሰፋ ከሚካተተው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የማይሠራበት እንዲሆን ይታሰባል። የማን ማሳ በየትኛው ድርሻ ውስጥ ይወድቃል የሚለው ነው አከራካሪው ጉዳይ።

ረቂቁ እንዴት ይጸድቃል?

ፕላን የሚዘጋጀው በባለሙያዎች ነው። የከተማው አስተዳደር የራሱ ባለሙያ ከሌለው በክልሉ የፕላን ተቋም ወይም በአማካሪ ድርጅት ያሠራል። ባለሙያዎቹ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የሕዝቡን ብዛት፣ የውኃውን መውረጃና ነባሩን አሠፋፈር አጥንተው ረቂቅ ያቀርባሉ። ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ከቀረበ በኋላ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ምክር ቤቱ ሲያጸድቀው አስገዳጅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሕግ አግባብ ሊሻሻል ቢችልም በአንድ ኃላፊ የቃል ፈቃድ አይለወጥም።

ውይይቱ ለይስሙላ የሚደረግ ሥርዓት መሆን የለበትም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ የማድረግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ ሲጓደል የሚከተለው መዘዝም በሀገሪቱ ታይቷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ለማቀናጀት ተዘጋጅቶ የነበረው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቶ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተደርጓል። የተቃውሞው ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም፣ አርሶ አደሩ ሳይመክርበት ከመሬቱ ይነሣል የሚለው ሥጋት ከዋናዎቹ አንዱ ነበር።

በውይይት መድረክ የሚገጥመው ችግር ካርታው ለተሰብሳቢው አለመገለጡ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለብዙ ቀለም ሥዕል ለባለሙያው ግልጽ ቢሆንም ለአርሶ አደሩ ዝም ያለ ወረቀት ነው። ስለዚህ ተሰብሳቢው ካርታው ወደሚያውቃቸው ምልክቶች እንዲተረጎምለት መጠየቅ አለበት፤ ወንዙ የቱ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የከብት መዋያው የት ላይ ነው? የእኔ ማሳ የወደቀበት ቀለም ምን ማለት ነው? መንገዱ ስንት ሜትር ይሰፋል? የከተማው ወሰን የሚያበቃው የት ነው? የሚሰጠውም አስተያየት በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ማሳሰብ ይገባል። በአዳራሽ ተነግሮ ያልተጻፈ ሐሳብ ምክር ቤቱ ፊት ላይደርስ ይችላል።

የግንባታ ፈቃድ

የአንድ ግለሰብ የግንባታ ጥያቄ ወደ ምክር ቤት አይሄድም፤ የሚታየው በከተማው አስተዳደር ባለሙያዎች ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያጣራው ጠያቂው ሕጋዊ የይዞታ ማረጋገጫ ያለው መሆኑንና ሊሠራ ያሰበው ነገር ለቦታው ከተፈቀደው አገልግሎት ጋር የሚስማማ መሆኑን ነው። ይህ የፕላን ስምምነት ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው የሕንጻው ንድፍ የሚመረመረው።

በመሆኑም ገንዘብ አውጥቶ ንድፍ ከማሠራት በፊት የፕላን ስምምነት መጠየቅ ከኪሣራ ያድናል። ጥያቄው ውድቅ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅሬታ የሚቀርበው በምክንያቱ ላይ እንጂ በጠያቂው ችግር ላይ አይደለምና።

ወደ ከተማ ክልል መግባት ማለት መነሣት ማለት ነውን?

አይደለም። ማሳው በፕላን ላይ በከተማ ክልል ውስጥ መታየቱ ብቻውን የአርሶ አደሩን የይዞታ መብት አያቋርጥም። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም እንዲለቀቅ ለብቻው ውሳኔ ሊሰጥ፣ ባለይዞታው አስቀድሞ ሊመክርበትና ከመነሣቱ በፊት ካሣ ሊከፈለው ይገባል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ካሣው በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ምትክ መሬት ሳያገኝ በቋሚነት የሚነሣ የገጠር ባለይዞታ የልማት ተነሺ ካሣ የሚታሰበው በዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ ነው፤ በቀድሞው ሕግ 10 እጥፍ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት የአቤቱታና የይግባኝ ቀነ ገደቦችን ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አጣርቶ መያዝ ያስፈልጋል። ቀነ ገደብ ካለፈ ትክክለኛ ቅሬታም ሰሚ ያጣል።

ካሣው ገቢን መሠረት የሚያደርግ በመሆኑ ማስረጃ የሌለው ባለይዞታ ተጎጂ ይሆናል። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም መኖሩ፣ የማሳው ስፋት ከመሬት ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉ፣ ጌሾው፣ ቡናው፣ ባሕር ዛፉና የውኃ ጉድጓዱ በቆጠራ ጊዜ መመዝገባቸው መረጋገጥ አለበት።

ወሬ ሰምቶ መሬትን በድብቅ መሸጥ ግን ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። በሀገሪቱ ሕግ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሻጩ አርሶ አደር ካሣውን ያጣል። ገዥው የከተማ ነዋሪ ደግሞ በሌሊት የሠራው የጨረቃ ቤት ካርታ አይወጣለትም፤ ዶዘር በመጣ ቀን የሚከራከርበት ሰነድ አይኖረውም።

የከተማው መዋቅራዊ ፕላን የጸደቀበትን ዓመት ጠይቆ 10 ዓመት መቁጠር ለማንም አይከብድም። የአገልግሎት ዘመኑ እያበቃ ከሆነ አዲስ ረቂቅ መዘጋጀቱ አይቀርም። የቀበሌው ነዋሪ ስለ ስብሰባው ቀን ከአሁኑ መጠየቅ፣ በዕለቱም ደብተሩን ይዞ መገኘት ይኖርበታል።