ከጥናት ክበብ ወደ ሆስፒታል፦ የሐዳሳ ሴቶች የበጎ ፈቃድ ሥራ

ሐዳሳ በአሜሪካ የሚገኝ የአይሁዳውያን ሴቶች ማኅበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1912 በሄንሪዬታ ዞልድ መሪነት በኒውዮርክ ተመሥርቷል። መነሻውም አነስተኛ የሴቶች የጥናት ክበብ ነበር።

ማኅበሩ በ1913 ሁለት ነርሶችን ወደ ኢየሩሳሌም በመላክ ትራኮማን የመከላከልና እናቶችን የመንከባከብ ሥራ ጀመረ። በ1918 የነርሶች ማሠልጠኛ ከፈተ፤ በ1939 ደግሞ በስኮፐስ ተራራ ላይ ሆስፒታል ለአገልግሎት አበቃ። ሕክምናው ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ የሚሰጥ ነው።

የሥራው መሠረት በየአካባቢው የተደራጁት ቅርንጫፎች ናቸው። አባላቱ መዋጮ ያሰባስባሉ፣ ይማማራሉ፤ ለከተማው አዲስ የሆነች ሴትም ወዳጅ የምታፈራው በዚያው ሥራ መካከል ነው።

ይህም የበጎ ፈቃድ ተግባር ዘላቂ የሚሆነው፣ ፈቃደኞች በቋሚነት የሚገናኙበትና ኃላፊነት የሚረከቡበት አደረጃጀት ሲኖር መሆኑን ያመለክታል።