ምክንያተ ሞትን የሚመረምረው የሐረር ጉባኤ

በሐረር ከተማ በጁገል ግንብ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ጊደር መጋላ ገበያ የወጣ ሰው፣ በሥጋ ሻጩና በአትክልት ነጋዴው ጥሪ መካከል ዱቄትና ዘይት ገዝታ ወደ ቤቷ የምትመለሰውን እናት ያያል፤ ነገር ግን በከረጢቷ ያለው ዱቄት ምን ማካተት እንዳለበት በሚወስኑት ሊቃውንትና ከግንቡ ውጭ በሕይወት ፋና ሆስፒታል የሕፃናትን ሞት በሚመረምሩት ሐኪሞች መካከል ያለውን ዝምድና በዓይኑ ሊያይ አይቻለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ዝምድና መግለጥ ነው።

የእነዚህ ሐኪሞች ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሥርቶ በአፍሪካና በደቡብ እስያ ልዩ ልዩ አገሮች የተስፋፋው ቻምፕስ የተሰኘው የሕፃናት ሞት ጥናት አንዱ አካል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሥራውን በሐረር ከተማና በቀርሳ ወረዳ የያዘው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሚመረምረውም አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱትን ሕፃናትና ሞተው የተወለዱትን ነው። ቀድሞ የእንዲህ ያለው ሞት ምክንያት በአመዛኙ የሚታወቀው ቤተ ሰቡን በመጠየቅ ብቻ ስለ ነበረ፣ «ትኩሳት ነበረው፤ ትንፋሽ አጠረው» ከሚለው የሐዘንተኛ ቃል ወዲያ ማለፍ እጅግ አዳጋች ነበር።

ምርመራው የሚጀምረው ከወላጆች ፈቃድ ነው፤ እነርሱ ካልፈቀዱ ነገሩ በዚያው ይቀራል። አፎቻ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ለቀብር በሚሰናዳበት፣ ሥርዓተ ሃይማኖትም ቀብር እንዲዘገይ በማይፈቅድበት ከተማ ይህን ጥያቄ ማቅረብ ብዙ ትሕትና የሚጠይቅ ተግባር ነው። ወላጆች ከፈቀዱ፣ ሬሳው ሳይከፈት፣ ከሞት በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ በቀጭን መርፌ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል ጥቂት ኅብረ ሕዋስ፣ እንዲሁም ደምና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ይወሰዳል፤ ሕፃኑም በክብር ለቀብር ይመለሳል።

ውጤቱ ሲደርስ የሥነ ደዌ ሊቅ፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም፣ የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪና የሕዝብ ጤና ባለሙያ በአንድነት ይቀመጣሉ። የላቦራቶሪው ውጤት፣ የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል መዝገብ፣ የሆስፒታሉ ካርድና የቤተ ሰቡ ቃል በፊታቸው ይቀርባል፤ ማንም በያዘው ማስረጃ ብቻ አይፈርድም። ለምሳሌ በሕፃኑ ሳንባ ውስጥ ተሕዋስ ቢገኝ ላቦራቶሪው «የሳንባ ምች» ብሎ ሊያበቃ ይችላል፤ የማኅፀን ሐኪሙ ግን መዝገቡን ገልጦ የእናቲቱ ደም ግፊት ከፍ ብሎ እንደ ነበረ ያመለክታል፤ የሕፃናት ሐኪሙም ልጁ ያለ ጊዜው መወለዱን ያክላል፤ እንዲህም ሆኖ ጉባኤው የመጨረሻውን ምክንያት ከመነሻው ምክንያት ጋር አያይዞ ይጽፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «ይህ ሞት ሊቀር ይችል ነበርን? በምን?» የሚለው ነው። ፍርዱም ለወላጆች ይነገራል።

ከዚህ ምርመራ ከወጡት እውነቶች አንዱ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት ነው፤ ጥናቱ ከሚካሄድባቸው አገሮች ሁሉ ይህ ጉድለት እጅግ በዝቶ የታየው በኢትዮጵያ ነውና። መድኃኒቱ ግን ከቀድሞ የታወቀ ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች ባካሄደው ጥናት፣ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ቀድሞ እንዲህ ያለ ጽንስ ባጋጠማቸው እናቶች ላይ የጉድለቱን መመለስ በ72 በመቶ መቀነሱ ስለ ታየ፣ ውጤቱን በገለልተኛነት ይከታተል የነበረው የሊቃውንት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1991 ጥናቱ ከጊዜው አስቀድሞ እንዲቆም አድርጓል፤ ጥቅሙ ከተገለጠ በኋላ ግማሾቹን እናቶች ከቪታሚኑ መከልከል አይገባምና።

ችግሩ ጊዜው ነው። የጽንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙዎች እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ ሳያውቁ ስለ ሆነ፣ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ክኒን ለዚህ ጉዳይ ይዘገያል። ስለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ በምግብ ውስጥ መገኘት አለበት። ኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድና ሌሎች ንጥረ ነገሮች፣ የምግብ ዘይትም ቪታሚን እንዲጨመርባቸው የሚያስገድዱ ደረጃዎችን አጸደቀች። ደረጃ ማለት ምን ያህል እንደሚጨመር የሚወስን የባለሙያዎች ድንጋጌ ነው፤ መጠኑ ቢያንስ አይከላከልም፣ ቢበዛም ሊጎዳ ይችላልና።

ሆኖም ፋብሪካ የሚፈጨው ስንዴ የሚደርሰው ዱቄት ለሚገዛው ሰው ነው፤ የሐረርጌ ገበሬ ቤት ግን የራሱን ማሽላ በመንደር ወፍጮ ያስፈጫል። ፎሊክ አሲድን ሁሉም ከሚገዛው አዮዲን ካለበት ጨው ጋር የማዋሐድ ሐሳብ በኢትዮጵያ የሚጠናውም ስለዚህ ነው። የልጇ ሞት እንዲመረመር በሐዘኗ ሰዓት የፈቀደችው የቀርሳ እናት ለሁላችን ትልቅ ዕውቀት ሰጥታለች፤ የጉባኤው ሥራ ተፈጸመ የሚባለውም ያ ዕውቀት ያመለከተው መድኃኒት እርሷ ከማሽላዋ ጋር በምትቀምሰው ጨው በኩል ደጇ ሲደርስ ብቻ ነው።