ትንፋሽ ቀድሞ ይመለሳል፤ አጥንትና ጅማት ግን ይዘገያሉ

የሸዋው ተወላጅ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለት ጊዜ ከሕመም ተነሥቶ ለኦሎምፒክ ማራቶን ተሰልፏል፤ ውጤቱ ግን አንድ አልነበረም። በመስከረም 1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ግን የእግሩ ጉዳት ሳይሽር ሮጦ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን የቡድን አጋሩ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

ልዩነቱ የወኔ አይደለም። የቆዳና የሥጋ ቁስል ደም በብዛት ስለሚደርሰው ፈጥኖ ይጠግጋል። አጥንት ግን ቀላል በሚባለው ስብራት እንኳ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ የቅልጥም ስብራት ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ጅማት ደም የሚደርሰው በጥቂቱ በመሆኑ ከሁሉም ይዘገያል። ሯጩ በእያንዳንዱ እርምጃ ከክብደቱ በላይ የሆነ ጫና በእግሩ ላይ ያሳርፋልና፣ ያልጠነከረ አጥንት ይህን አይሸከምም።

ብስክሌትና ዋና እግርን ከመሬት ጋር ስለማያጋጩ ለተጎዳ ሯጭ ጥሩ መሸጋገሪያ ናቸው። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጥቂት ሳምንታት ፔዳል የመታ ሰው ትንፋሹ ሲመለስለት የዳነ ይመስለዋል፤ ጅማቱ ግን ገና ነው። ገበሬው ይህን በበሬው ያውቀዋል፤ ትከሻው በቀንበር የተላጠ በሬ ቁስሉ ስለደረቀ ብቻ በማግስቱ ጠንካራ መሬት እንዲያርስ አይጠመድም። ለገዛ አካላችን የዚያን ያህል እንኳ አንታገሥም።

ልምምድ ከማሰብ በፊት ግን ጉዳቱን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ወጌሻ በአገራችን የቆየ ባለሙያ ቢሆንም፣ አጥብቆ የታሰረ እንጨት የደም ዝውውርን ዘግቶ እጅ ወይም እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ከታሰረው ቦታ በታች ያሉ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ እሥሩን ወዲያው አላልቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ለነገ የሚባል አይደለም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰውም ደኅና ነኝ ቢል እንኳ በዚያ ቀን ወደ ብስክሌቱ መመለስ የለበትም።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ መጀመሪያው እርምጃ በለጥ ባለ ሜዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ሕመም መራመድ ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ሮጦ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይከተላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሮጠ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር የማይችል ሰው ፍጥነቱን አብዝቷል። በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ የጨመረበትም ልምምዱን ይቀንስ።

ወደ ቡድን መመለስ የመጨረሻው ነው። በብስክሌት ጉዞ ከፊት ያለው ነፋሱን ስለሚሰብር፣ ተጠግቶ የሚከተለው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ሊቆጥብ ይችላል። ይህ ተጎድቶ ለተመለሰ ሰው የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ጤነኛው ነው፣ ወደ ኋላ መቅረትም ያሳፍራል። በተጨማሪም ከእጅ ስብራት የዳነ ሰው ፍሬን አጥብቆ መያዝ ካልቻለ፣ የሚወድቀው ብቻውን ሳይሆን ከኋላው ያሉትን ይዞ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻውን ይንዳ፤ ቀጥሎም ከዘገምተኛው ቡድን ጋር፣ ጉዳቱን ለአሠልጣኙና ለጓደኞቹ አስቀድሞ ነግሮ፣ በመጨረሻው ረድፍ ይሰለፍ።

በመሐል ሜዳና በአካባቢዋ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል። ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ለሕክምና ወደ ቆላ ወርዶ ለሳምንታት የቆየ ሰው ሲመለስ ቀድሞ ያልከበደው ዳገት ሊከብደው ይችላል። ቢሆንም ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ስለሆነ፣ ሩጫው ላይ የቁልቁለት ልምምድ ይቆይ። የማለዳው ውርጭ ሲበረታም ሰውነትን ለማሟሟቅ የሚሰጠው ጊዜ ይርዘም፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ልምምዱን ማዘግየትም ይቻላል።