ግብር የማይከፍሉት የአሜሪካ የጎልፍ ክለቦች ሒሳባቸው ምን ይናገራል?

አሜሪካ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ፣ የመዋኛ ገንዳና የመመገቢያ አዳራሽ ያሏቸው በርካታ 'ካንትሪ ክለቦች' በሕግ ፊት ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ናቸው። ለመግቢያ ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ መኖራቸውን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግር ያሰኛል።

የሕጉ መነሻ ግን ለዕድርተኛ እንግዳ አይደለም። ዕድር በአባላቱ መዋጮ ድንኳንና ወንበር ሲገዛ አተረፈ እንደማይባለው ሁሉ፣ አባላት ለራሳቸው መዝናኛ ያዋጡት ገንዘብም እንደ ንግድ ገቢ አይታይም። የአገሪቱ የግብር ሕግ አንቀጽ 501(ሲ)(7) የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ሆኖም ክለቡ በጎ አድራጎት አይደለም፤ ከባንክ ወለድና ከአክሲዮን የሚያገኘው ገቢ በአብዛኛው ግብር ይከፈልበታል።

ገደቡ የሚጠብቀው በሩ ለውጭ ሰው ሲከፈት ነው። አዳራሹን ለሠርግ በማከራየትና በመሳሰለው አባል ካልሆኑ ተገልጋዮች የሚገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው 15 በመቶ፣ የኢንቨስትመንት ገቢ ሲታከልበት ደግሞ 35 በመቶ ካለፈ፣ ክለቡ ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የከሰረ ክለብ ጉድለቱን በኪራይ ልሙላ ቢል እንኳ ብዙ ርቆ አይሄድም።

ትልልቆቹ ክለቦች 'ቅጽ 990' የተሰኘውን ዓመታዊ ሪፖርት ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያቀርባሉ፤ የቅርብ ሦስት ዓመታቱንም ለጠየቀ ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይበጃል፤ የአንድ ዓመት ትርፍ ያታልላልና። የመግቢያ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ብዙ አዲስ አባላት በገቡበት ዓመት መዝገቡ ያምራል። መደበኛው መዋጮ ደመወዝን፣ ውኃንና የሣር እንክብካቤን የማይሸፍን ከሆነ ግን ክለቡ የሚኖረው በአዲስ ገቢዎች ገንዘብ ነው።

ሌላው ቁጥር የንብረት እርጅና ተቀናሽ ነው። በዚህ ሳቢያ የሚታይ ኪሳራ ከካዝና የወጣ ገንዘብ አይደለም። ለዓመታት ለጥገና የሚወጣው ከተቀናሹ እጅግ ካነሰ ግን ጣሪያውና የመስኖ ቧንቧው በአንድ ላይ ያረጃሉ፤ ያኔ አባላት የልዩ መዋጮ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል።

ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ይህ በግልጽ ታይቷል። ተመላሽ የመግቢያ ገንዘብ ይቀበሉ ከነበሩ ክለቦች ብዙ አባላት በአንድ ጊዜ ለቀቁ። በአንዳንዶቹ ደንብ መሠረት ለቃቂው ገንዘቡ የሚመለስለት አዲስ አባላት ሲገቡ ብቻ ነበር፤ አዲስ ገቢ ደግሞ አልነበረም።